ጋቢ ለጋቢ ተቋጥረው የመጡት ከሳሽና ተከሳሽ

በወረዳው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በተቀጠርኩ በዓመቱ፣ የሕግ ቃል ሁሉ የገባኝ ይመስለኝ ነበር። "ቁራኛ"ን ግን የማውቀው "የአልጋ ቁራኛ" ሲባል ብቻ ነው። ፍቺውን አባቴና የክርስትና አባቴ ጋቢ ለጋቢ ተቋጥረው መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ አመጡልኝ።

ጠባቸው የድንበር ነው። የክርስትና አባቴ ሲያርሱ አንድ ትልም ገፍተዋል ብለው አባቴ ከሰሷቸው። ይህ አልበቃ ብሏቸው፣ "ሠርግህ ላይ ድርሽ እንዳይል!" አሉኝ። ሠርጌ ለሳምንት እሁድ ነው። ያለ ክርስትና አባቴ መሞሸር ከቶ አይታየኝም፤ ሆድ ብሶኛል።

በቀጠሮው ዕለት አባቴ መጥሪያውን አላመኑትም። "ሰው በወረቀት ይያዛል እንዴ?" ብለው በጥንቱ ወግ የጋቢያቸውን ጫፍ ከተከሳሹ ጋቢ ጋር ቋጠሩት። ቁራኛ ማለት ይኸው ነው፤ ዳኛ ፊት እስኪቆሙ መላቀቅ የለም። የክርስትና አባቴም ሸሸ እንዳይባሉ እሺ አሉ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተኮራርፈው፣ ግን ጎን ለጎን ተጓዙ። ቆሎው ያለው አባቴ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ብቻቸውን መቆርጠሙ አሳፍሯቸው እኩል ዘግነዋል።

ያን ጊዜ ዳኛም ይገመገም ነበርና ዳኛው ግምገማ ገብተዋል። ሳቄን ውጬ "ለሳምንት ዓርብ ተመለሱ" አልኳቸው።

"እንግዲያው ፍታኝ" አሉ የክርስትና አባቴ።

"ዋስ ጥራ!" አሉ አባቴ። ከቁራኛ የሚፈታው ዋስ የጠራ ብቻ ነው።

የክርስትና አባቴ ግቢውን ቢቃኙ የሚያውቁት ሰው የለም። ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ፤ መጠየቁ ግን ከበዳቸው። አንጀቴን በሉት።

"ዋሳቸው እኔ ነኝ" አልኩ።

አባቴ ቱግ አሉ። "ዋስ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ? እሱ ቢቀር በእሱ ፈንታ ከእኔ ጋር የምትቋጠረው አንተ ነህ!"

"አውቃለሁ አባዬ። እንግዲህ ከእርስዎ ጋር ተቋጥሬ እሞሸራለኋ!"

ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቃቸው ቀደማቸው። ጤዛ ያጠበቀውን ቋጠሮ በጥርሳቸው ጭምር ታግለው ፈቱት።

ዓርብ ዳኛው ተሰየሙ፤ ባለጉዳዮቹ ቢጠሩ፣ ቢጠሩ የሉም። መዝገቡ ላይ "ከሳሽም ተከሳሽም አልቀረቡም" ብዬ ስጽፍ ደስ ይበለኝ ወይስ ልደንግጥ አላወቅሁም።

እሁድ አባቴ ዳሱ በር ላይ ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ። የክርስትና አባቴ ብቅ አሉ።

"ዋሴ እንዳይታሰርብኝ ብዬ መጣሁ" አሉ።

አባቴ የሰውየውን ጋቢ ጫፍ ያዙና እየጎተቱ ወስደው ከጎናቸው አስቀመጧቸው።