በነፃ የተሰጠ ጥላ

ማርሊስ ሃገዶርን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተማሪዎች አውቶብስ ስትነዳ አንድ ልጅ እንኳን መንገድ ላይ ረስታ አታውቅም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ሴትዮዋ ዝንጉ እንዳልሆነች እንድታውቁልኝ ነው፤ በኋላ የሠራችውን ስትሰሙ "ምን ዓይነቷ ሞኝ ናት!" ማለታችሁ አይቀርማ። ሞኝ አይደለችም። የሚኒሶታ ሰው ናት፣ በቃ። እዚያ አገር ፀሐይ ብርቅ ናት። ብቅ ስትል ሰው ሁሉ መጋረጃውን ገልጦ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ነው የሚቀበላት። ከፀሐይ መሸሽ የሚባል ነገር ማን አስተምሯቸው!

ባሏ ደዌይን ዕድሜውን ሙሉ ቆርቆሮ ሲቆርጥና ሲያጥፍ የኖረ ሰው ነው። ስሟን አሳጥሮ "ማር" ይላታል፤ በእነሱ ቋንቋ ምንም ትርጉም የለውም፣ በእኛ ግን እንዴት ያምርባታል! በስድሳ ስድስት ዓመቱ ሳንባው ከዳው። ብርዱ ሲመጣ ከበሩ እስከ መኪናው ያለችውን ሃያ እርምጃ ሁለቴ ቆሞ፣ አየር በአፉ እየለቀመ ነበር የሚጨርሳት። ሐኪሙም አላድበሰበሰም። "ደረቅና ሞቃት አገር ፈልጉ" አላቸው። "እዚህ ከቆየ ሌላ ሁለት ክረምት የሚያልፍ አይመስለኝም።"

ቤታቸውን ሸጡ፤ በካሊፎርኒያ በረሃ፣ አንድ የትራፊክ መብራት እንኳን በሌላት በቦሬጎ ስፕሪንግስ ሌላ ቤት ገዙ። በፈረንጆቹ 1958 የተሠራ፣ ዓሥራ ሁለት ዓመት ሰው ያልገባበት ቤት ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ የሳሎኑ የምዕራብ ወገን ከወለል እስከ ኮርኒስ መስታወት። ኮርኒሱን ርግብ ወርሶታል። መታጠቢያ ቤቱ ገንዳው፣ ሰድሩ፣ መቀመጫው ሳይቀር ሮዝ ነው። ደዌይን ገና እንዳየው፣ "እዚህ ስቀመጥ የልደት ኬክ ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል" አለና እስኪያስለው ሳቀ። ከሮዙ ነገር ምንም አልነካም፤ ወዶታል።

ማርሊስ ምንጣፉን ስትገነጥል ከሥሩ ቴራዞ፣ የእብነ በረድ ፍንካች ተቀላቅሎበት የተወለወለ ወለል፣ አገኘች። ማን እንደሆነ እንጃ እንጂ አንድ ልበ ቢስ ያን የመሰለ ወለል በማጣበቂያ ለቅልቆት ነበር። ሦስት ሳምንት በጉልበቷ ተንበርክካ ፋቀችው። ደዌይን የኤሌክትሪክ ገመዱን ቀየረ፣ ርግቦቹን አስወጣ፣ የመስኮቱን ክፈፍ አስተካከለ። ትንፋሹ ከሳምንት ሳምንት ይሻሻል ነበር። በመጋቢት አንድ ቀን ፖስታ ቤት ደርሶ ሲመለስ "አንዴም አልቆምኩም" አላት። ማርሊስ እሰይ አላለችም። ሮዙ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ አለቀሰች።

የቀረው በረንዳው ነበር። ከመስታወቱ ፊት ለፊት፣ ከሰው ቁመት ከፍ ያለ የአበባ ብሎኬት ግድግዳ ተገትሯል፤ እያንዳንዱ ብሎኬት መሐሉ ባለ አራት ቅጠል አበባ ሆኖ የተበሳ። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ተራራው አለ።

"ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት በቀዳዳ ለማጮለቅ ነው እንዴ?" አለ ደዌይን። "እስር ቤት አስመሰሉት እኮ!"

"አፍርሰዋ" አለች ማርሊስ። "እንዳትሰብረው ግን፤ ለሰው ይሆናል።"

በመሮና በመዶሻ፣ በስድስት ቀን፣ አንድ በአንድ ነቀሉት። ሁለት መቶ ዓሥራ ስድስት ብሎኬት ሆነ። ማርሊስ መንገድ ዳር ደረደረችና ካርቶን ላይ "ነፃ፣ ውሰዱ" ብላ ጽፋ አቆመች። እዚህ አገር እንዲህ የተጻፈበት ነገር ቀን አይቆጥርም፤ የተሰበረ ወንበርም ቢሆን የሚያነሳው አያጣም። ዓርብ ያወጣችው እሑድ አልቆ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። አንድ ፍሬ እንኳን ቆሻሻ ላይ አልተጣለማ!

ከዚያ ሰኔ ገባ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ በዚያ መስታወት ዘው ብላ ትገባለች። የተፋቀው ወለል እግር ያቃጥላል። ሳሎኑ ውስጥ አርባ አንድ ዲግሪ! የአየር ማቀዝቀዣው ያጓራል እንጂ የሚፈይደው የለም። ብርድ ልብስ ሰቀሉ፣ መስታወቱን በአሉሚኒየም ወረቀት ለበጡት፤ ቤቱ ምድጃ ሊገባ የተጠቀለለ ድንች መሰለ። ደዌይን ከሰዓት በኋላውን ሮዙ ገንዳ ውስጥ እርጥብ ፎጣ ለብሶ ነው የሚያሳልፈው፤ ትንፋሹም ተመልሶ አጠረ።

በሐምሌ አጋማሽ "ማር፣ ተሸንፈናል" አላት። "ደላላዋን ጠርቻታለሁ። ነሐሴ ዓሥራ አምስት ከቀኑ በአሥር ሰዓት ትመጣለች። ሚኒሶታ ተመልሰን ልጃችን ጋ ምድር ቤቱ ውስጥ እንኖራለን።"

"እዚያ ምን እንደሚጠብቅህ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

ሌላ ቤት የሚገዙበት አቅም የላቸውም፤ የነበራቸውን ሁሉ እዚህ ቤት ላይ አፍስሰዋል። ማርሊስ ውስጧ ተቃጠለ። እዚያ ሲመለስ በሁለት ክረምት ውስጥ እንደምትቀብረው ታውቃለች፤ እሱም ያውቃል፤ ሁለቱም ግን ስለ ዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ያወሩ ጀመር።

በዚያው ሳምንት ጎረቤታቸው ዶን ኤሊሴዮ ተመለሰ። የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ፣ የድሮ ግንበኛ ነው። ዳሌውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከጥር ጀምሮ ድንበሩን ተሻግሮ በሜክሲኮዋ ሜክሲካሊ ልጁ ጋ ሲታመም ከርሟል። በከዘራው እየተደገፈ መጣና ሰላምታ እንኳን ሳያቀርብ፣

"ግድግዳዬ የት ሄደ?" አለ።

"የቱ ግድግዳ?" አለች ማርሊስ።

"የቱ ግድግዳ ትለኛለች እንዴ! የዓሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሆኜ፣ ብሎኬት እያቀበልኩ የተሠራው ነዋ!"

"አፈረስነው፣ ዶን ኤሊሴዮ። ተራራውን ጋርዶብን..."

"ተራራው!" ሳቀ፤ ደስ ብሎት አልነበረም። "ተራራው የት ይሄድብሻል? እሱ ግድግዳ መሰለሽ? ጥላ እኮ ነው! ፀሐይዋ በአበባው ስታልፍ ተቆራርጣ፣ ጉልበቷ አልቆ ነው የምትገባው። ነፋሱን ግን አይከለክለውም። ይህን ቤት ያቀደው ሰው መጀመሪያ እሱን አስቦ ነው መስታወቱን ያደረገው። እናንተ ባርኔጣ አውልቃችሁ ጥላችሁ ራሴን አመመኝ ትላላችሁ!"

"ሌላ መግዛት አይቻልም?"

"ማዘዝ ትችያለሽ። የሚደርሰው በጥቅምት ነው፤ በጥቅምት ጥላውን ለማን ልታደርጊው? የድሮዎቹ የት ተጣሉ?"

"በነፃ ሰጠኋቸው።"

"ለማን?"

ማርሊስ መሬት መሬት እያየች፣ "ለሁሉም" አለች።

የሚኒሶታን ሰው ይሉኝታ የማያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። ከእኛ አይተናነሱም። ኩኪስ ሲያቀርቡላቸው ሦስት ጊዜ "ኧረ ይቅርብኝ" ሳይሉ አይቀምሱም። የሰጡትን መልሶ መጠየቅማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። ደዌይን ከገንዳው ውስጥ ሆኖ ሰምቶ ጮኸ።

"አታደርጊውም፣ ማር! የሰጠሁትን መልሱልኝ የምትይው እኔ ሞቼ ነው!"

"እኔስ ምን አልኩ?" አለችው በሩ ላይ ቆማ። "ከመሞትህ በፊት ልጠይቅ ነው ያልኩት።"

ደዌይን እርጥቡን ፎጣ ፊቱ ላይ ጣለ።

በማግስቱ ማለዳ በፒክአፑ ወጣች፤ እየተንፏቀቀች የሰው ግቢ በዓይኗ ትበረብራለች። የመጀመሪያው ሎይድ የሚባል ጡረተኛ ወታደር ነው፤ ሃያ አራት ብሎኬት ደርድሮ የሥጋ መጥበሻ ሠርቶበታል። መኪናዋ ውስጥ አሥር ደቂቃ ተቀምጣ የምትለውን ስታጠና ቆየችና ወረደች።

"ሎይድ፣ ያ ብሎኬት... ደህና ነው?"

"ደህና ነው። ምን ይሆናል?"

"አይ፣ እንዲያው ነው" አለችና ተመልሳ ሄደች። ቤቷ ስትደርስ በራሷ ተናዳ የመኪናውን በር ጓ አድርጋ ዘጋችው።

በሁለተኛው ቀን ሰላምታውንም ዘለለችው። "ሎይድ፣ ብሎኬቱን መልስልኝ። ጥላችን እሱ ነበር፣ ሳናውቅ አፈረስነው። ባሌ በሙቀት ሊሞትብኝ ነው።"

ሎይድ የሥጋ መቆንጠጫውን እንደያዘ አያት። "ታዲያ ትናንት ምን ዘጋሽ? ጥብሱን ሳልጥድ አትነግሪኝም!" አለ። ጥብሱን አነሳ፣ ጓንት አደረገና ገና ያልቀዘቀዘውን ብሎኬት አንድ በአንድ ራሱ ጫነላት።

ከዚያ ወዲያ ምላሷ ተፈታ። ከዶሮ ቤት አወጣች፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያ ሥር አወጣች፣ ከጀልባ ሥር ሳይቀር አወጣች። ጀልባ! በበረሃ! አንዱ በሩን ፊቷ ላይ ዘጋባት፤ ሌላው "ገዝቼው ነው" ብሎ ዓይኑን በጨው አጥቦ ካዳት። አብዛኛው ግን እያጉረመረመም ቢሆን ሰጣት። ኦፓል የምትባል ሴት ግቢ ስትደርስ አሥራ ስምንት ብሎኬት ትንሽ የአፈር ቁልል ዙሪያውን አጥሮ አየች። ቁልሉ ላይ የውሻ አንገት ማሰሪያ ተቀምጧል።

"እነዚህንም ልትወስጂ ነው የመጣሽው?" አለች ኦፓል።

"አይ" አለች ማርሊስ። "እነሱ ሥራ ላይ ናቸው።"

ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ አንድ መቶ ሃምሳ ስምንት ሰበሰበች። ዶን ኤሊሴዮ ወንበር አስመጥቶ በረንዳው ላይ ተሰየመ። ገና ጎህ ሲቀድ ይጀምራሉ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ያቆማሉ። ማርሊስ ሲሚንቶና አሸዋ ታቦካለች፣ ደዌይን አፍንጫውን ሸፍኖ ይደረድራል፣ ሽማግሌው ይሳደባል።

"ውሃ ልኩን እይ አልኩህ! ዓይንህን ማን ጠየቀው?"

"ትክክል ነው እኮ፣ ዶን ኤሊሴዮ።"

"ትክክል ነው ይላል! አበባው አንገቱን ደፍቶ እያየኸው? አንሳው!"

ለወጥ ቤቱ ፊት ብሎኬት አልበቃም። ሽማግሌው እጁን አወናጨፈ። "ወጥ ቤቱ ይንደድ። ሳሎኑና መኝታ ቤቱ ይበቃችኋል፤ ሳንድዊች ብሉ።"

ደዌይን ይሠራል እንጂ ሐሳቡን አልቀየረም። ማርሊስ "ደላላዋን ተዪው በላት" ስትለው፣ "ግድግዳ ያለው ቤት ቶሎ ይሸጣል" ይላታል። አንዴ የተሸነፈ ሰው ተስፋ ማድረግ ያሳፍረዋል፤ እሷም ይህን ስለምታውቅ አልተጨቃጨቀችውም። አርባ ዓመት አብራው ኖራለች፣ መቼ ዝም እንደሚባል ታውቃለች። የመጨረሻው ረድፍ ነሐሴ ዓሥራ ሦስት ቀን አለቀ። ያንኑ ዕለት ከመስታወቱ ላይ የአሉሚኒየሙን ወረቀት ቀደው ጣሉት።

ነሐሴ ዓሥራ አምስት፣ ልክ በአሥር ሰዓት፣ ደላላዋ ትሪሻ በወረቀት እያራገበች መጣች። ውጭው አርባ ስድስት ነው። ማርሊስ በሩን ከፈተችላት። ትሪሻ ሁለት እርምጃ ገብታ ቆመች።

"ውይ! እንዴት ደስ ይላል እዚህ! እንዴት ነው እንዲህ..."

ማርሊስ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች።

ደዌይን ሶፋው ላይ ተኝቷል። በጀርባው ነው የተኛው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስት ትራስ ተደግፎ፣ ቁጭ እንዳለ ነበር የሚያንቀላፋው። ወለሉም ሸሚዙም የብርሃን አበባ ብቻ ሆኗል። ደረቱ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፣ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል፤ የሚያፏጭ ነገር የለም። ማርሊስ ከምሳ ጀምሮ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ስታየው ነው የቆየችው። ከደስታዋ ብዛት መነሳት አቅቷት ነበር።

"በጥሩ ዋጋ ይሄዳል" አለች ትሪሻ በሹክሹክታ። "የሚሸጥ የሚለውን ምልክት ነገ ላቁመው?"

ማርሊስ ዓይኗን ወደ ሶፋው መለሰች። ቤቱን እንድትሸጥ የጠራት ደዌይን ነው፤ ተዪው ማለት ያለበትም እሱ ነው። ትሪሻ ዝምታዋን እሺታ አድርጋ ወሰደችውና ሳሎኑን ልትለካ ሜትሯን ስትዘረጋ አምልጧት ቴራዞው ላይ ተንቋቋ።

ደዌይን አንድ ዓይኑን ገለጠ።

"ማር፣ ማናት እሷ?"

"ደላላዋ ናት" አለች ማርሊስ። "አንተ የቀጠርካት። ቤት ልትሸጥ መጥታ ነው።"

ደዌይን ሴትዮዋን አያት፣ ሜትሩን አየው፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ እስከ ጥጉ ድረስ ሳበ።

"የማንን ቤት?" አለና ፊቱን ወደ ሶፋው መደገፊያ አዙሮ ተኛ።