ወደ እታለም ቤት የሚወስደው ዳገት

ባለፈው ሳምንት ከክፍል ስወጣ አንድ ተማሪዬ ሁለት የቤንዚን መርጫ ኢንጀክተሮች መዳፉ ላይ አድርጎ በር ላይ አስቆመኝ። የአንዱ ቀለበት ቢጫ ነው፣ የሌላው ቡናማ፤ ከዚያ በቀር መንታ ናቸው።

«ቲቸር፣ ሶኬታቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ። ታዲያ ምንድን ነው የሚለያቸው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለኔ ግብዣ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ልጁን ወደ ክፍል መልሼ ጠመኔ አነሣ ነበር። ያን ዕለት ግን «ነገ እንነጋገርበታለን» ብዬው ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ እስከ ኮተቤ ድረስ የማስበው ስለ አያቴና ስለ እህቷ ነበር።

አያቴ እማማ ተዋበች የምትኖረው ከኛ ጋር፣ የካ ሚካኤል ነበር። ታላቅ እህቷን ሁላችንም እሷን ተከትለን «እታለም» ነበር የምንላቸው። እሳቸው ሁለቱም ከተወለዱበት ግቢ አልወጡም፤ እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ። አያቴ ወንበሯን ደጅ አስወጥታ ስትቀመጥ ፊቷን የምታዞረው ሁልጊዜ ወደ ጋራው ነው። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በምርኩዝ ከመኝታ ቤት እስከ በር ብቻ ነበር የምትሄደው። እታለምንም እግራቸው ከዳቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ አልተያዩም። በስልክ ግን በየቀኑ ይጯጯሁ ነበር፤ አያቴ ስታወራ ድምፁ በራሱ ጉልበት ጋራውን መውጣት ያለበት ይመስል አንገቷን ታቀናለች።

የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ፣ ግንቦት ላይ፣ የእታለም ድምፅ እየሳሳ መጣ። እህል አልወስድ ብሏቸዋል። አንድ ቀን ስልኩን አያቴ ጆሮ ላይ ይዤላት ሳለ «ተዋቡ፣ ዘንድሮስ ነይና ልይሽ» ሲሉ ሰማኋቸው። አያቴ «እመጣለሁ» አለች፤ እንደ ወትሮው አልጮኸችም። ሰኔ ከገባ አስፋልቱ ካለቀበት በላይ ያለው መንገድ ጭቃ ነው፤ እስከ መስከረም መኪና አይወጣውም። በደረቁም ጊዜ ቢሆን የታክሲ ሾፌሮች ያን መንገድ ሲጠሩባቸው ወሬ ይቀይራሉ። የቀረን ጊዜ ትንሽ ነበር።

አባዬ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ያኔ ቧንቧና መሰላል የሚያመላልስባት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። ሞተሯ ባለ ካርቡሬተር ስለነበረ ዳገት ሲያይ ትንፋሽ ያጥረዋል። «እማዬን እታለም በር ላይ ነው የማወርዳት» አለና ሞተሩን ለመቀየር ቆረጠ። ካራ መንገድ ላይ ጋራዥ ያለው ፍስሐ የሚባል ወዳጁ ከሌላ መኪና የወረደ ባለ ኢንጀክተር ሞተር አገኘለት።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ። ካርቡሬተር ቤንዚኑን ራሱ ከአየሩ ጋር ያደባልቃል። ባለ ኢንጀክተሩ ሞተር ግን ሥራውን ይከፋፍላል። የአየር መለኪያው፣ መካኒኮች ኤርፍሎ የሚሉት፣ ምን ያህል አየር እንደገባ ይናገራል። ኮምፒውተሩ ያን ሰምቶ ኢንጀክተሮቹን ለምን ያህል ጊዜ ተከፍተው ቤንዚን እንደሚረጩ ያዛቸዋል። ነገሩ ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሩን አያየውም፤ የሚያዘው የሚያውቀውን ኢንጀክተር በልቡ ይዞ ነው። ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ሁለት ማንኪያ ስኳር ብላችሁ ብታዙ፣ ጓዳ ያለው ሰው በማንኪያ ፈንታ ጭልፋ ቢይዝ፣ ትእዛዙ ልክ ነው፤ ሻዩ ግን አይጠጣም።

በኛ ሞተር ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። ሞተሩ ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለኖረ የራሱ ኢንጀክተሮች ደርቀው ተደፍነዋል። መርካቶ ደግሞ ያገለገለ ዕቃ በተናጠል ነው የሚሸጠው። ከአንድ የተፈታ ሞተር አንዱ ኤርፍሎውን ይወስዳል፣ ሌላው ኢንጀክተሩን፣ ኮምፒውተሩ ማን ጋ እንደሄደ እግዜር ይወቅ። ስለዚህ የሁሉም ሰው ሚዛን ሶኬት ነው፤ ሶኬቱ ከገባ ዕቃው የዚያ ሞተር ነው። ፍስሐ ያመጣቸው ኢንጀክተሮች ከትልቅ ሞተር የወረዱ ነበሩ። ሶኬታቸው ቀጭ ብሎ ገባ።

ሞተሩ ሲነሣ ማርሚታው ጥቁር ጢስ ተፋ፤ ዓይን የሚያቃጥል የቤንዚን ሽታ ጋራዡን ሞላው። ፍስሐ መላ አላጣም። የኤርፍሎውን ጥቁር ክዳን በቢላ ፈልቅቆ ከፈተው። ውስጡ አየር ሲገፋው የሚከፈት ትንሽ በር፣ በሩን የሚመልስ ስፕሪንግ፣ ስፕሪንጉን የሚያጠብቅ ባለ ጥርስ ክብ አለ። ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ ክቡን ጥርስ በጥርስ አዞረው። በሩ እንደ ልቡ መከፈት አቃተው፤ ኤርፍሎው የገባውን አየር አሳንሶ መናገር ጀመረ። ቤንዚኑ ቀነሰ፣ ጢሱም ቀጠነ።

እኔ የቴክኒክ ኮሌጅ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። «ጋሽ ፍስሐ፣ አሁን እኮ አንዱን ውሸት በሌላ ውሸት ነው ያስታረቅነው» አልኩት። «ሜዳ ላይ ይስማሙ ይሆናል። ላይ ስንወጣ ግን አየሩ ይሳሳል፣ በሩ ግን ስስ መሆኑን አያውቅም። ቤንዚኑ ይበዛል።»

ፍስሐ ወደ አባዬ ዞረ። «ልጅህ የሞተር ሽማግሌ ሆኖልሃል። አንተ ልጅ፣ እዚያ ትምህርት ቤት ስንት ሞተር አስነሥተሃል?»

«እስካሁን ገና…»

«በል እንግዲህ ግባና የተነሣውን ስማ።»

ለሙከራ እስከ ካራ ሄደን ተመለስን። እውነቱን ለመናገር ግሩም ሄደች። አባዬ መሪውን በመዳፉ እየመታ ይስቅ ነበር። ልክ የሆኑት ኢንጀክተሮች እስኪገኙ እንጠብቅ ስለው በጣቱ ሰማዩን አሳየኝ። በስተምሥራቅ ደመና እየተቆለለ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተነሣን። አያቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ትኩስ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ከአባዬ ጎን ተቀመጠች። የጥቁር አዝሙዱ ሽታ ከኋላ፣ ከጭነቱ ቦታ፣ ይሰማኝ ነበር። እኔ ኋላ የተቀመጥኩት ለጎማው ታኮ የሚሆን ድንጋይ ይዤ ነው። አስፋልቱን ምንም ሳትል ወጣችው። ኮረኮንቹ ተጀምሮ ዳገቱ ቀጥ ሲል ግን ሞተሩ ድምፁ ወፈረ፣ ከኋላዬ ጥቁር ጢስ ተግተልትሎ ባሕር ዛፉ መሐል ገባ፣ መኪናዋ ሦስቴ አስላ ቆመች። ዘልዬ ድንጋዩን ከጎማው ሥር ከተትኩ።

ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈታናቸው። ጠቁረዋል፣ በቤንዚን ርሰዋል። በጨርቅ ጠረግናቸው፣ በክብሪት አሞቅናቸው፣ መልሰን አሰርናቸው። ተነሣች፤ ትንሽ ወጣችና እንደገና በቤንዚን ሰጥማ ቆመች። ይህን መላልሰን አደረግነው። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከላይ እየወረዱ ነበር፤ አንዷ ሸክሟን ዳገቱ ላይ አስደግፋ አየችን።

«እማማ፣ የኛን እንጨት ነው እንዴ የምታነዱባት?»

«ምን ላድርግ ልጄ» አለች አያቴ በመስኮት። «አዲስ ሞተር ብሎ ምድጃ ገጠመላት።»

አባዬም ሳይቀር ሳቀ። ቀጥሎ የማስነሻው ሞተሪኖ ማቃሰት ጀመረና ባትሪው አለቀ። ባትሪ የሌላት መኪና ዳገት ላይ በአንድ መንገድ ብቻ ነው የምትነሣው፦ በኋላ ማርሽ ቁልቁል ለቀው ሲያንደረድሯት። ስለዚህ ሞተሩን ለማስነሣት የወጣነውን እንወርዳለን፤ ስትነሣ የወረድነውን እንወጣለን፤ እዚያው ቦታ ስንደርስ ትሰጥማለች። ምክንያቱን ከእግር እስከ ራሱ አውቀዋለሁ። ለአባዬም ነገርኩት፤ ስለ ስሱ አየር፣ ስለ በሩ፣ ስለ ጭልፋው። ሰምቶኝ ሲያበቃ «ገብቶኛል» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «አሁን ምን እናድርግ?» መድኃኒቱ መርካቶ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ፣ ማንም በማያውቀው ሳጥን ውስጥ ነበር። እጄ ላይ የቤንዚን ጨርቅ ብቻ ነበር።

ስልኩ ጮኸ። እታለም ነበሩ። አያቴ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ተዋቡ፣ እዚያ ታች የሚጨሰው ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ እታለም!»

«ጢስሽ ቀድሞሽ መጣ?»

ሁለቱም እንደ ልጃገረድ ሳቁ። አያቴ «አንድ ኩርባ ነው የቀረኝ፣ ደረስኩ» ስትል ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ ደጋግመን ብንሞክርም አልተመለሰም።

እንጨት የተሸከመችው ሴት ገና አልሄደችም። «ጎረምሶች ልጥራና በቃሬዛ ያውጡዎት እማማ?» አለች።

«በቃሬዛ? እታለም ከሩቅ ካየችኝ ሬሳዬ የመጣ መስሏት ቀድማኝ ትሞታለች።»

አባዬ «እሺ ላዝልሽ» ብሎ በሩን ከፍቶ ጀርባውን ሰጣት። እግሯን ከፍ ስናደርገው ከአፏ የወጣውን ድምፅ ዛሬም አልወደውም። መልሰን አስቀመጥናት። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሎ፣ ዳቦዋን አቅፋ፣ ወደ ኩርባው ታይ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ኮፈኑ ላይ ታ ታ አሉ፤ ቀዩ መንገድ መሽተት ጀመረ።

አባዬ ሰማዩን አየ፣ ጎማውን አየ። ጭቃው ከያዘን ፍሬኑም አያቆመንም። «እማዬ፣ ልክ የሆነውን ዕቃ ገጥመን እንመለሳለን» አላት። ወደ ሴቶቹ እያየች «ዳቦውን ቁረስላቸው» አለችኝ። እሷ አልቀመሰችም። ሞተሩን አጥፍተን፣ በፍሬን ብቻ፣ ያን ሁሉ መንገድ ቁልቁል ተንሸራተትን።

በማግሥቱ ጠዋት ስልኩ ሲሠራ እታለም «ምን ታደርጊ፣ መንገዱ ነው» ብቻ አሉ። ሐምሌ ላይ ፍስሐ ትክክለኞቹን ኢንጀክተሮች አገኘና ገጠማቸው፣ ኤርፍሎውንም ወደ ቀድሞው መለሰው። ጢስ የሚባል ነገር ጠፋ። መንገዱ ግን ጭቃ ነበር። እታለም በፍልሰታ ጾም ዐረፉ። አያቴ ቀብራቸው ላይ አልደረሰችም፤ ሁለት ዓመት ቆይታ እሷም ተከተለች።

እሑድ ዕለት እንጦጦ ወጣሁ። መንገዱ አሁን አስፋልት ነው፤ ያቺ የቆምንባት ቦታ የት ላይ እንደነበረች ለማወቅ ተቸግሬ አለፍኳት። ግቢው ውስጥ የእታለምን ልጅ እትዬ ስንዱን አገኘኋቸው። እርጎ ሰጡኝ፤ ስለዚያ ቅዳሜ አነሣሁ። ከአጥሩ አጠገብ ቆመው በእጃቸው ቁልቁል አሳዩኝ፤ ዳገቱ በሙሉ ይታያል።

«እማዬን እዚህ አውጥተናት ነበር» አሉኝ። «ጢሱን እያየች ስትስቅ ነው የዋለችው። ኋላ ጢሱ ጠፋ። 'ተሠራችላቸው፣ መጡ!' አለች። ነጠላዬን ቀይሩልኝ፣ በሩን ክፈቱት አለችን። ዝናቡ አባሮን ቤት ከገባን በኋላ እንኳ በሩን አላዘጋችንም።»

ጢሱ የጠፋው ሞተሩን አጥፍተን ስለወረድን ነበር። ይህን ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ፤ እርጎውን ጠጥቼ ዘጋሁት። የሚገጥሙ ዕቃዎችን ከማይገጥሙት መለየት ለብዙ ልጆች አስተምሬአለሁ፣ ነገም አስተምራለሁ። ከላይ ሆኖ መዳን የመሰለው ከታች መሸነፍ እንደነበረ የማወቅ ትምህርት ግን ማንን እንደሚጠቅም አላውቅም።

ማታ ቤት ስገባ አባዬ ራት እየበላ ነበር። የት እንደዋልኩ ጠየቀኝ።

«እንጦጦ።»

እጁን ከሣህኑ አነሣ። «መንገዱ እንዴት ሆኗል?»

«አስፋልት ነው አባዬ። በጣም ጥሩ ሆኗል» አልኩትና እጄን ልታጠብ ሄድኩ።