እትዬ ዘይነብ ያላስለቀቁት እድፍ

ባለፈው ሳምንት የሕንጻችን ምድር ቤት ወዳለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ፣ እዚህ ስዊድን ሁሉም ሰው ትቬትስቱጋ ወደሚለው ክፍል ስወርድ፣ ከእኔ በፊት ተራ የነበረው ሰው ወለሉን በድሮው አረንጓዴ ፈሳሽ ሳሙና ወልውሎ ሄዶ ነበር። የጥድ ሽታ ያለው፣ አፍንጫ ትንሽ ቆንጠጥ የሚያደርግ ሳሙና ነው። አሁን ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። ቅርጫቴን እንዳቀፍኩ በሩ ላይ ቆምኩ። የማድረቂያው ሙቀት ገና አልወጣም፤ መስኮቱም ከመሬት እኩል ስለሆነ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። አርባ ዓመቴን ያለፍኩ ሴት ነኝ፤ እዚያ በር ላይ ግን ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ እትዬ ዘይነብም መስኮቱ ሥር ቆመው የሰው ሱሪ ወደ ብርሃን ዘርግተው ይመረምሩ ነበር።

እትዬ ዘይነብ፣ በልጅነቴ ቬሊንግቢ በሚባል ሰፈር በነበርንበት ሕንጻ፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ይኖሩ ነበር። የደሴ ሰው ናቸው። ሻሻቸውን ከግንባራቸው ከፍ አድርገው የሚያስሩ፣ ሲስቁ ደረጃው ሁሉ የሚሰማቸው፣ አጭርና ፈጣን ሴት ነበሩ። ሥራቸው ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ጽዳት ነበር፤ የሕንጻው ሰው ግን አልለቅ ያለውን እድፍ ሁሉ ይዞ እሳቸው ወዳሉበት የምድር ቤት ማጠቢያ ይወርዳል፣ እሳቸውም በዚያ አረንጓዴ ሳሙና ያስለቅቁለታል። ልጅ አልነበራቸውም። እማዬ አረጋውያን መኖሪያ ውስጥ በፈረቃ ስለምትሠራ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ዘንድ ታስቀምጠኛለች። እሑድ የቸርች ነበርኩ፣ ቅዳሜ የእትዬ ዘይነብ።

ቅዳሜ ማለት ደግሞ ቪዲዮ ማለት ነበር። የስዊድን ልጅ ከረሜላ የሚፈቀድለት በሳምንት አንድ ቀን፣ እሱም ቅዳሜ ስለሆነ፣ ከረሜላዬን በወረቀት ከረጢት ይዤ እገባለሁ፤ እሳቸው ከቬሊንግቢ ሴንትሩም የተከራዩትን ካሴት አስገብተው ሶፋው ላይ ይደላደላሉ። ፊልሙ ሁልጊዜ የቤዝቦል ፊልም ነበር። በሰፈሩ ቤዝቦል የሚባል ነገር ግድ የሰጠው ሌላ ሰው አላጋጠመኝም። የቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ ራሱ ግራ ይገባው ነበር፤ አዲስ ሲመጣለት ግን ከባንኮኒው ሥር ያስቀምጥላቸዋል። የእኔ ሥራ ከሥር የሚያልፈውን የስዊድንኛ ጽሑፍ እያነበብኩ በአማርኛ መንገር ነበር። አማርኛዬ ጎዶሎ ስለነበር ስዊድንኛውን እንዳለ ጣል ሳደርግ አይቆጡኝም። “ወሬውን ተይው ሩቲ፣ ጉልበቱን እይው” ይሉኛል።

ጉልበት የሚያዩበት ምክንያት ነበራቸው። በወጣትነታቸው አስመራ፣ የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ውስጥ ስምንት ዓመት ልብስ አጥበዋል፤ ያጥቡ የነበረውም የሰፈሩን የቤዝቦል ቡድን ልብስ ነው። ማጠቢያው ከሜዳው ጀርባ ነበር፤ በመካከሉ ከፍ ያለ የቆርቆሮ አጥር አለ። ጨዋታው የሚደረገው በሥራ ሰዓት ስለሆነ ገንዳቸውን ጥለው መሄድ አይችሉም። ዱላው ኳሱን ሲመታ ይሰማሉ፣ ሰው ሲጮኽ ይሰማሉ፣ ከዚያ ልብሱ በቅርጫት ይመጣል። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ጨዋታ በዓይናቸው አላዩም። ጨዋታውን የተማሩት ከእድፉ ነው።

ወርዋሪው እጁን ጭኑ ላይ ስለሚጠርግ ጭኑ ይጠቁራል። ኳስ ያዢው ሲንበረከክና ሲነሣ ስለሚውል ሁለት ጉልበቱ እኩል ያልቃል። ከሜዳው አራት ማዕዘኖች ወደ አንዱ ሮጦ የሚንሸራተተው በአንድ ዳሌው ቀይ አፈር ተሸክሞ ይመጣል። ሳይሰለፍ የዋለው ተቀያሪ ደግሞ ከመቀመጫው በቀር ንጹሕ ነው። “የሱን ሳጥብ ነበር አንጀቴን የሚበላኝ” ይሉ ነበር።

ፊልም የሚመዝኑትም በዚሁ ነበር። አንድ ቅዳሜ መልከ መልካም ተዋናይ ያለበት፣ ሙዚቃው ቤቱን የሚያናውጥ ፊልም አየን። ሰውዬው በደረቱ ተስቦ ማዕዘኑን ነካ፣ ተነሣ፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ እኔም ከረሜላዬን ደፍቼ ጮኽኩ። እትዬ ዘይነብ ፊልሙን አቆሙት። ምስሉ በመስመር ተቆራርጦ ሲንቀጠቀጥ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደው የሰውዬውን ደረት በጣታቸው ቆረቆሩት።

“ማን አጠበለት?” አሉ። “አሁን በደረቱ አልተሳበም? መሀል ላይ አጣቢ ገባች እንዴ?”

ከዚያ ወዲያ መጥፎ ፊልም ሁሉ በእኛ ዘንድ ስሙ “ማን አጠበለት” ሆነ። እኔማ ትምህርት ቤት የሚያሳዩንን ፊልም ሳይቀር በልቤ እንደዚያ እለው ነበር።

የሚወዱት አንድ ነበር። ሽፋኑ የተቀደደ፣ ማንም የማይከራየው፣ የአንዲት ትንሽ ከተማ ቡድን በጋውን ሙሉ እየተሸነፈ የሚጫወትበት ፊልም። መጨረሻ ላይ እንኳ አያሸንፉም፤ እኔን ይሰለቸኝ ነበር። እሳቸው ግን የተጫዋቾቹ ልብስ ከጨዋታ ወደ ጨዋታ ሲደበዝዝ፣ አንዱ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ባልተስማማ ክር ተጥፎ ሲመጣ እያዩ “ይሄ እውነት ነው፣ ወላሂ እውነት ነው” ይላሉ። መሀሉ ላይ አንዲት ሴት ልብሱን ገመድ ላይ ስታሰጣ ለአፍታ ትታያለች። ስም የላትም፣ ቃል አትተነፍስም። እዚያ ሲደርሱ ካሴቱን መልሰው ያዩታል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመልሱት ተነጫነጭኩ።

“ቆይ” አሉኝ፣ “እሷንም አንድ ሰው ይያት።”

ስለ አስመራው ቡድን ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ልጅ ነበር፤ ጆሮው ቀይ፣ እግሩ ረጅም ወታደር። አንድ ቀን ሱሪውን ራሱ ይዞ ወደ ገንዳው መጣ። ምልክትም ቃልም እያቀላቀለ፣ ሌላውን እጠቢው፣ ዳሌዬ ላይ ያለውን ቀይ አፈር ግን አትንኪው አላቸው። የዚያን ቀን ሮጦ የመጨረሻዋ ማዕዘን ላይ ደርሶ ኖሯል። “ሰው ሁሉ እድፌን አስለቅቂልኝ ሲል እሱ ተይልኝ አለኝ” ይሉና ይስቃሉ። “ተውኩለት። የደረሰበትን ቀን እንዴት አጥብበታለሁ?”

እንግዲህ ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። የስዊድን ልጆች ትምህርት ሊዘጋ ሲል ብሬንቦል ይጫወታሉ። የቤዝቦል የአክስት ልጅ በሉት፤ ኳሱን በዱላ መትቶ አራቱን ማዕዘን ዞሮ መመለስ ነው። ስድስተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ዓመት ቤተሰብ መጥቶ እንዲያይ ተጋበዘ። እማዬ ሥራ ነበረች። እኔ ወሬኛዋ ከሳምንታት በፊት ለእትዬ ዘይነብ ነግሬያቸው ኖሮ፣ ሪሞቱን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

“ሰው ቆሞ ማየት ይችላል?”

“ዮ” አልኳቸው በስዊድንኛ፤ አዎ ማለቴ ነው።

“አጥር አለው?”

“ኔይ። ሣር ብቻ ነው።”

“አጥር የሌለው!” አሉ፤ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው። ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ፈረቃ ተቀያየሩ። ነጭ ሸራ ጫማ ገዙ። ለክፍሉ ልጆች በሙሉ ሳምቡሳ እጠብሳለሁ አሉ።

በመካከሉ ማሊን የምትባል የክፍሌ ልጅ ቤታችን መጣች። በማጠቢያው መስኮት በኩል ስናልፍ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። እትዬ ዘይነብ የሰው ሸሚዝ አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ያሸቱ ነበር፤ እድፉ ዘይት ይሁን ወጥ የሚለዩት በሽታው ነው። ማሊን ሆዷን ይዛ ሳቀች። “አያትሽ ናት?” ስትለኝ “አላውቃትም” አልኩ። እትዬ ዘይነብን። ከረሜላዬን ሶፋቸው ላይ እየበተንኩ ያደግኩባቸውን ሴት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳስበው የነበረው ሳምቡሳቸውንና ሻሻቸውን፣ በተለይ ደግሞ ከነዚያ ሁሉ ወላጆች መሀል የሚሰማውን ሳቃቸውን ነበር።

የጨዋታው ቀን ጠዋት አካፋ። ስወጣ ደረጃው ላይ አገኘኋቸው፤ ነጩን ጫማ አድርገው፣ በጨርቅ የተሸፈነ ቅርጫት ይዘው።

“ኢንስቴልት ነው” አልኳቸው። ተሰርዟል ማለት ነው። በአማርኛ መዋሸት ከብዶኝ ነበር መሰለኝ።

በደረጃው መስኮት ወደ ውጭ አዩ። “በዚች ካፊያ?”

“መምህሯ ናት ያለችው።”

ቅርጫቱን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩት። ከዚያ “አብሽሪ፣ ለሌላ ጊዜ ይሁን” አሉኝ፤ እኔን ያጽናኑኛል እኮ! ጨርቁን ገልጠው ሁለት ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ይዤ እንዳልገባ ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ሥር ቆሜ ጎረስኳቸው። ገና ትኩስ ነበሩ።

ካፊያው ቶሎ አባራ። እኔ እማዬ ለማግስቱ የትምህርት መዝጊያ በዓል የገዛችልኝንና እንዳልነካ ያስጠነቀቀችኝን ነጭ ሱሪ ለብሼ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ኳሱ ከዱላው በደንብ ተነሣ። ሮጥኩ። ሦስተኛው ማዕዘን ላይ ስዞር እርጥቡ ሣር አዳለጠኝና በግራ ጉልበቴና በክርኔ ወደቅኩ፤ ተነሣሁ፣ ሮጥኩ፣ ኳሱን ቀድሜ ገባሁ። ልጆቹ ተንጫጩ። ወላጆች ከሜዳው ዳር ሆነው አጨበጨቡ። የማሊን አያት እንኳ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔን የሚያይ ሰው ፈለግኩ፤ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ እማዬ ከሥራ ስትገባ ሱሪውን አይታ ጮኸች። ሱሪውን አስቀይራኝ፣ እጄን ይዛ እየጎተተች ወደ ማጠቢያው አወረደችኝ። እትዬ ዘይነብ በልመና ያገኙትን ነፃ ቀን አንሶላ እያጠቡበት ነበር። ነጩ ጫማ እግራቸው ላይ ነው።

“እትዬ ዘይነብ፣ ይድረሱልኝ! ነገ አቭስሉትኒንግ አላት፣ በነጭ ሱሪ ወድቃ መጣች!”

ተቀበሏት፤ ወደ መስኮቱም ሄደው ዘረጉት። ዳሌውን አዩ። ቀኝ ጉልበቱን አዩ። ግራው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። አረንጓዴውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። የት እንደምገባ ጠፋኝ፤ ወለሉ ላይ ያለውን የውኃ መውረጃ ብቻ አያለሁ።

“ሩጫ ላይ ነው” አሏት ለእማዬ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ። “ጥግ ስትዞር ነው የወደቀችው።”

እማዬ ጉዳዩ ስላልገባት ስለ ሱሪው ዋጋ ታወራለች። እትዬ ዘይነብ ወደ እኔ ዞሩ።

“ደረስሽ?” አሉኝ።

 ለምን ዋሸሽኝ አላሉም።

“ደረስኩ” አልኩ፣ በአማርኛ።

“አልሐምዱሊላህ” አሉና ክርኑ ላይ ያው አረንጓዴ የነበረበትን ሸሚዜንም እንዳወልቅ ምልክት ሰጡኝ።

በማግስቱ ጠዋት ልብሱን ተኩሰው፣ አጥፈው አመጡ። ሸሚዙ እንደ ጨው ነጥቷል። ሱሪውም እንደዚያው፤ ግራ ጉልበቱ ላይ ግን አውራ ጣት የምታህል አረንጓዴ ቀርታለች። “ይቺ እምቢ አለችኝ” አሏት እማዬን። እማዬ በሩን ዘግታ “እትዬ ዘይነብን እምቢ ያለ እድፍ!” ብላ ተገረመች። ደምም ዝገትም እጃቸው ላይ ሲሸነፍ አይታለች። እኔ በዓሉ እስኪያልቅ የመዝሙር ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ ይዤ ቆምኩ።

ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ዛሬ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ ስል ክረምቱ ሳያልቅ ዮርድብሩ በሚባል ሩቅ ሰፈር በራሳቸው ስም ቤት አገኙና ሄዱ። “ቅዳሜ በባቡር ነይ፣ ከጣቢያው እቀበልሻለሁ” አሉኝ። እሺ አልኩ፤ አልሄድኩም። እየደወሉ “ደህና ፊልም አየሽ?” ይሉኝ ነበር፤ እኔም ስልኩን ለእማዬ ለመመለስ እየቸኮልኩ በስዊድንኛ አንድ ቃል እመልሳለሁ። ያፈርኩት በእሳቸው ይመስለኝ ነበር። ለካ ፊታቸውን ማየት ነበር የፈራሁት። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እማዬ ደውላ ማረፋቸውን ነገረችኝ። ካሴቶቻቸው የት እንደገቡ ማንም አያውቅም፤ እኔም የጠየቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው።

ያ ሳሙና ከሸተተኝ በኋላ እማዬ ቤት ሄድኩ። ምድር ቤት ያለው ዕቃ ማስቀመጫዋ ውስጥ የልጅነት ልብሶቼ በፌስታል ተቋጥረው ነበር። ሱሪውን አወጣሁ፤ አረንጓዴዋ ደብዝዛለች፣ ግን አለች። ከሥሩ ሸሚዙ ነበር። ሁለቱን ይዤ ወደ መስኮት ሄድኩና ወደ ብርሃን ዘረጋኋቸው። የሸሚዙ ክርን ነጭ ነው፤ የእድፍ ምልክት እንኳ የለበትም። ያው ሣር፣ ያው ቀን፣ ያው ሳሙና፣ ያው እጅ። እምቢ ያለ እድፍ አልነበረም።

ቀይ ጆሮ ላለው ወታደር እንዳደረጉት የደረስኩበትን ቀን ትተውልኝ ይሆን፣ ወይስ የዋሸሁበትን ቀን እንዳልረሳው? አላውቅም። ዮርድብሩ የአንድ ሰዓት የባቡር መንገድ ነበር፤ ሄጄ መጠየቅ እችል ነበር። አሁን ይቆጨኛል፣ በጣም ይቆጨኛል።

ሱሪውን ቤት አመጣሁት። ትናንት ልጄ ወንበር ላይ አግኝታው፣ ቆሻሻ መስሏት የልብስ ቅርጫት ውስጥ ከተተችው። መልሼ አወጣሁት።

“ይሄ አይታጠብም” አልኳት።

“ቫርፈር?” አለችኝ፤ ለምን ማለቷ ነው። እሷም እንደ እኔ በስዊድንኛ ነው የምትመልሰው።

“ሮጬ የደረስኩበት ቀን ነው።”

ጉልበቱን በጣቷ ነክታ አየችው። ማን ሊያየኝ ለብሶ ወጥቶ እንደነበር ግን ገና አልነገርኳትም።