አጀንዳ ስድስት በይደር

ጋሼ ገብረጻድቃን ሲያርፉ ቤታቸው ውስጥ የተገኘው አንድ ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ሦስት ክራባት፣ አንድ ሬዲዮና አሥራ አንድ የቃለ ጉባኤ መዝገብ ነበር። ልብሱን ለበጎ አድራጎት ሱቅ ሰጠነው። መዝገቦቹን የሚፈልግ ጠፋና እኔ ወሰድኳቸው። ከሜልቦርን ወጣ ብላ ባለችው ሜልተን፣ ቤቴ፣ ጋራዡ ውስጥ፣ ከሣር ማጨጃው አጠገብ በካርቶን ተቀምጠዋል። ልጄ አንድ ቀን ከፍታ አየቻቸውና «ዳድ፣ ዋት ኢዝ ዚስ?» አለችኝ።

«የስብሰባ ወረቀት ነው።»

«ቦሪንግ» ብላ ከደነችው።

እውነቷን ነው። የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ኮሚቴ ስብሰባ አሰልቺ ነበር። ዘጠኝ አባላት ነበርን። በወሩ የመጀመሪያ እሁድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ኮሊንግዉድ ካሉት ረጃጅም የመንግሥት የኪራይ ቤት ፎቆች በአንዱ ምድር ቤት እንሰበሰብ ነበር። ክፍሉ በሥራ ቀን የሕፃናት መዋያ ስለሆነ ወንበሮቹ ለአራት ዓመት ልጅ የተሠሩ ናቸው። ሊቀመንበራችን አቶ አምደሚካኤል፣ ያን የሚያህል ሰውዬ፣ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ «የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት» ሲል በሳቅ ላለመፈንዳት ጣሪያ ጣሪያውን አይ ነበር። አጀንዳው ያው ነው። ሊፍቱ ተበላሸ፤ ለእንቁጣጣሽ አዳራሽ ይጠየቅ፤ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ቁልፍ ማን ጋ ይሁን። ስለ ቁልፉ ብቻ ሰባት ወር ተወያይተናል።

ጸሐፊው ጋሼ ገብረጻድቃን ነበሩ። ሁሌም በሙሉ ልብስና በክራባት ይመጣሉ። ያራቪል ያለ የጆንያ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር፤ ሪሴሽኑ፣ የኢኮኖሚ ድቀቱ፣ ሲመጣ ከአርባ ሰው ጋር ተባረሩ። ከዚያ በኋላ ክራባቱን የሚያስሩት ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ለሥራ ፈላጊዎች ቢሮ ሰልፍና ለእኛ ስብሰባ። እጅ ጽሑፋቸው የሚያስቀና ነው። እኛ የተናገርነውን ዝባዝንኬ ሁሉ በሦስት መስመር አድርገው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ ሰው የሚያከብረው ነገር ያደርጉታል። የማኅበሩ ክብ ማኅተምም እሳቸው ዘንድ ነበር። በመሐረብ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ይይዙታል። ያለ ኮሚቴ ውሳኔ ያ ማኅተም ከመሐረቡ ወጥቶ አያውቅም።

ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣ አንድ ቀን አጫውተውኛል። በወጣትነታቸው ወሎ ውስጥ የአንዲት ትንሽ ከተማ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ስሟን ልተወው። በደርግ ዘመን የከተማዋ ቦርድ ከመኪና መንገዱ ዳር ያለውን የአንዲት መበለት ቦታ ለሊቀመንበሩ አማች ሰጠ። ሊቀመንበሩ ራሱ ተቀምጦ፣ ራሱ እጁን አውጥቶ። ከዚያ ጋሼን «መበለቲቱ በፈቃዷ ለቀቀች ብለህ ጻፍ» አሏቸው። እሳቸው ያዩትን ጻፉ። ስምንት ወር ታሰሩ። ሲፈቱ ባለቤታቸውን እትዬ አጸደን ይዘው ሱዳን ገቡ።

የእኛን ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ሲያረቁ ታዲያ አንቀጽ አሥራ አራትን ከቱ። «ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከተው የኮሚቴ አባል ውይይቱ እስኪያልቅ ከስብሰባው ይወጣል፤ በምልዓተ ጉባኤም አይቆጠርም።» ምልዓተ ጉባኤ ማለት ከዘጠኙ አምስት ሰው ነው። ሁላችንም እጃችንን አውጥተን አጸደቅነው። ማን አንብቦት! አንቀጹ መጀመሪያ የሚይዘው ራሳቸውን እንደሚሆን የጠረጠረ አልነበረም።

እትዬ አጸደ ካርቱም ቀርታ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ስደተኛ በሚመዘገብበት ቀን እሷ እህቷን ልታርስ ገዳሪፍ ሄዳለች። ቅጹ «አሁን አብሮዎት የሚኖር ሰው አለ?» ይላል። ጋሼ ያን ቀን አብሯቸው የሚኖር ሰው አልነበረምና «የለም» ብለው ጻፉ። ሌላው ሰው ያልወለደውን ልጅ ሁሉ ያስመዘግባል፤ እሳቸው እውነት ጽፈው ሚስታቸውን ከወረቀት አወጧት። ይታረምልኝ ሲሉ ፋይልዎ ወደ ኋላ ይቀራል ተባሉ። «ሂድ፣ ደርሰህ ትጠራኛለህ» ያለቻቸው ራሷ ናት። ሜልቦርን ገብተው ሲጠሯት ግን ጥያቄ መጣ። ድሮ የለኝም ያሉትን ሚስት ዛሬ ከየት አመጧት? የጋብቻ ወረቀታቸው ስደት ላይ ጠፍቷል። የኢሚግሬሽኗ ሴትዮ በፈረንጆች 1992 መጀመሪያ ላይ ፋይሉን ዘርግታ፣ «ሌላው ሁሉ ተሟልቷል፤ ባልና ሚስት መሆናችሁን የሚያውቅ የማኅበረሰባችሁ ሰው ደብዳቤ ይጻፍልዎት» አለቻቸው።

አንድ ደብዳቤ። ከመካከላችን ሦስታችን ካርቱም ላይ ከእትዬ አጸደ እጅ የበላን ሰዎች ነን።

የካቲት ላይ አጀንዳ ስድስት ሆኖ ቀረበ። አምስት ሰው ነበርን። ስድስተኛው አጀንዳ ሲደርስ ጋሼ እስክሪብቷቸውን ከደኑ፣ መዝገቡን ለአቶ አምደሚካኤል አስረከቡና ወጥተው በሩን ዘጉት። አቶ አምደሚካኤል ቆጠረን። አራት። ደግሞ ቆጠረን።

«ምልዓተ ጉባኤ የለም» አለ።

«አምዴ፣ በአላህ!» አለች ዙሃራ። ዙሃራ የወሎ ልጅ ናት፤ ሆስፒታል ታጸዳለች፤ ቀጥ ያለ ነገር ትወዳለች። «ሰውየው እኮ በር ላይ ናቸው።»

ወጥቼ አየኋቸው። ልብስ ማድረቂያ ማሽኖቹ አጠገብ ቆመው ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ያነባሉ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይግቡ። ይቀመጡና በአንድ ደቂቃ እናጽድቀው።»

«ወንድሙ፣ ልጄ፣ እኔ ተቀምጬ ስለ እኔ ይወሰናል?»

«ማን ያያል?»

«እኔ አያለሁ» አሉኝ።

ገቡና በዚያ በሚያምር እጃቸው ጻፉ። «አጀንዳ ስድስት፦ ምልዓተ ጉባኤ ባለመሟላቱ በይደር ታልፏል።» ዙሃራ ስትወጣ አስቁማቸው፣ «እኔ በስሜ ልጻፍልዎ፤ ነገ ሺፍት የለኝም፣ አብረን እንወስደዋለን» አለቻቸው። አመሰገኗትና እንቢ አሉ። ቁጥርና ማኅተም የሌለው ወረቀት ለእሳቸው ደብዳቤ አልነበረም። መንግሥት ያለ ክብ ማኅተም ሰው ያምናል ብሎ ማሰብ ከአእምሯቸው ውጪ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ልክ ናቸው ብያለሁ። ያደግነው እንደዚያ ነው።

መጋቢት ላይ አራት ሰው ብቻ መጣ፤ ስብሰባው ራሱ ቀረ። ሚያዝያ ላይ አምስት፤ ጋሼ ወጡ፣ አራት ቀሩ፣ በይደር ታለፈ። በሰው አልፈርድም። ሥራ ያለው እንዳያጣው እሁድም ይገባል። ሥራ የሌለው፣ ሰው ፊት መቅረብ ያፍራል። እኔ ደግሞ ሜልተን ቤት ርካሽ ነው ተብሎ ቤተሰቤን ይዤ ሄጄ ነበር፤ ከዚያ ኮሊንግዉድ እሁድ በባቡር ግማሽ ቀን ነው።

ለግንቦቱ ስብሰባ ሦስት ቀን ሲቀረው ጋሼ ደወሉልኝ። ለማንም ደውለው አያውቁም። ስለ ልጆቼ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ አዲሱ ቤት አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«እሁድ ትመጣለህ?»

«እሞክራለሁ ጋሼ።»

«ከእኔ ጋር አምስት ነን። አንተ ስድስተኛ ነህ።»

«እመጣለሁ» አልኳቸው።

አልሄድኩም። ቅዳሜ ማታ ለግቢዬ ያዘዝኩት፣ ተጠቅልሎ የሚሸጠው ሣር መጣ። ያንን ሣር በአንድ ቀን ካላነጠፉት ይሞታል፤ ከፍዬበታለሁ፤ ጎረቤቶቼ ሁሉ ግቢያቸው አረንጓዴ ነው። እሁድ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኬ ሣር ሳነጥፍ ዋልኩ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሰዓቴን አይቻለሁ። ረሳሁት ብዬ እንዳልዋሽ። አይቼ፣ «በሚቀጥለው ወር» ብዬ ወደ ሣሬ ተመለስኩ።

በሰኔ መጀመሪያ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከካርቱም ለአቶ አምደሚካኤል ተደወለ። እትዬ አጸደ በወባ አራት ቀን ታማ አርፋለች።

መርዶ በአንድ ሰው አይነገርም፤ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። ዘመድ ደግሞ እኛ ነን። አቶ አምደሚካኤል ማክሰኞ ማታ ለሰባታችንም ደወለ። ረቡዕ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁላችንም ጋሼ ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር ነበርን። አንድም የቀረ የለም። እኔ ሺፍቴን ለሰው ሰጥቼ በጨለማ ከሜልተን መጣሁ። ዙሃራ ከማታ ሥራዋ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ፣ ነጠላ ደርባ ደረሰች። ዓመት ሙሉ ያላየሁት ሰው እንኳ መጥቷል። አንዱ ሊፍት እንደ ልማዱ ተበላሽቷል፤ በሌላው ተጣብበን አሥራ አራተኛ ፎቅ ወጣን።

ጋሼ ሹራብ ለብሰው፣ መነጽራቸውን እንዳደረጉ ከፈቱልን። የጸሎት መጽሐፍ ይዘዋል። በር ላይ ቆመው አዩን። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እየቆጠሩን ነበር።

«ስምንት ናችሁ» አሉ። «ከእኔ ጋር ዘጠኝ። ሙሉ ነን።»

አቶ አምደሚካኤል ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። ጋሼ ቀደሙት።

«አጸደ ናት፣ አይደል?»

ዙሃራ ቀድማ ጮኸች። ጋሼ አልጮኹም። እዚያው በሩ ሥር ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ማስቀመጫ ቦታ ሲፈልጉ ተቀበልኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ሰዎች ያጽናኑኛል። ያን ጊዜ ደብዳቤው ቢደርስም ወራት መፍጀቱ አይቀርም ነበር ይሉኛል። ይሆናል። የግንቦቱ ላይደርስ ይችላል፤ የየካቲቱ ግን ይደርስ ነበር። ለቅሶው ካበቃ በኋላ ሥራ ቀርቼ ያችን የኢሚግሬሽን ሴትዮ ሄጄ ጠየቅኋት። የማኅበር ማኅተም ያስፈልግ ነበር ወይ አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። አንድ የሚያውቃቸው ጎረቤት ጽፎ ቢፈርም ይበቃ ነበር አለችኝ። ይህን ለጋሼ እስኪሞቱ አልነገርኳቸውም።

የሐምሌ ስብሰባ ላይ ስምንታችንም ተገኘን፤ እፍረት ነው ያመጣን። ጋሼ በጥቁር ክራባት፣ በሰዓቱ መጡ። አጀንዳውን አነበቡ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ እስክሪብቷቸውን ከደኑና ተነሡ።

«ጋሼ» አለ አቶ አምደሚካኤል፣ «ያ ጉዳይ እኮ…»

«ከአጀንዳ አልወጣም። በይደር ያለ ነው፤ ወይ ይወሰናል፣ ወይ ውድቅ ይሆናል።»

መዝገቡን በዚህ ጊዜ ለእኔ ሰጡኝ። ወጥተው በሩን ዘጉ።

ተያየን። በእነዚያ የሕፃናት ወንበሮች ላይ ስምንት ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠናል። ዙሃራ እጇን አነሳች። እኔም አነሳሁ። ሁሉም አነሱ። «ወይዘሮ አጸደ የአቶ ገብረጻድቃን ሕጋዊ ባለቤት መሆናቸውን ኮሚቴው ያውቃል፤ ደብዳቤ ይጻፍ» ብዬ መዘገብኩ። ደብዳቤውንም እዚያው ጻፍኩት። ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ስለጻፍኩት መስመሩ ሁሉ ጠማማ ነው።

ልጠራቸው ወጣሁ። ማሽኖቹ አጠገብ ቆመዋል።

«በስንት ድምፅ?» አሉኝ።

«በሙሉ ድምፅ፣ ጋሼ።»

ገብተው ተቀመጡ። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበቡት። «እጅህ አያምርም» አሉኝ፤ ሊያጫውቱኝ ነበር መሰለኝ። ከደረት ኪሳቸው መሐረቡን አውጥተው ፈቱት፣ ማኅተሙን በትንፋሻቸው አረጠቡና ስሟ ላይ እንዳያርፍ ተጠንቅቀው መቱት። እስኪደርቅ ጠበቁ። ከዚያ አጣጥፈው መዝገቡ ውስጥ አኖሩት፤ ዛሬም እዚያው አለ።

«አሁን ማንም ሚስትህ አይደለችም ሊለኝ አይችልም» አሉ።

እስክሪብቷቸውን ከፈቱና ቀጣዩን አነበቡ፤ አጀንዳ ሰባት፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ቁልፍ ጉዳይ።