የሺመቤት መርፌ የከለከለች ዕለት

የሺመቤትን ጂንካ ገበያ ላይ የማያውቃት የለም፤ ድምፅዋን የሰማ ግን ጥቂት ነው። ሙዝና ጎደሬ ዘርግታ ትቀመጣለች። ዋጋ ሲጠይቋት በጣቷ ታሳያለች፤ ሲከራከሯት አንገቷን ትደፋለች። ቤተ ክርስቲያንም መዘምር ናት፤ እዚያም ከረጃጅሞቹ ጀርባ ነው የምትቆመው። አፏን የፈታችው በአሪኛ ነው፤ አማርኛውን ገበያ ነው ያስተማራት። "ይስቁብኛል" ትላለች። ባሏ አንጁሎ ደግሞ ከጋሞ መጥቶ ብሎኬት የሚሠራ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ለሁለቱም የሚናገረው እሱ ነበር።

ያን ዕለት ግን ዝም ያለው እሱ ሆነ።

ሆስፒታል አምጥተው አልጋ ላይ ሲያስተኙት ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ላብ አጥምቆታል፤ ቢጠሩት አይሰማም። ሐኪሙ ዶክተር ፋሲል በቅርቡ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ነርሷ ሲስተር መሲ የአንጁሎን ጣት ወግታ ደም ልታይ መርፌ ስታወጣ፣ የሺመቤት ብድግ አለችና መሐል ገባች።

"የሺ፣ ምን ነካሽ? ዞር በይ እንጂ!" አለች መሲ።

"አይሆንም።"

"ምኑ ነው የማይሆነው?"

"መርፌ አይሆንም።"

ክንዶቿን ዘርግታ አልጋውን ጋረደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ራሱ አንጁሎ ነው "ይሄ የወፍ በሽታ ነው፤ ሐኪም አያውቀውም" ያላት። ተራራው ላይ ወዳሉ መድኃኒት አዋቂ ወሰደችው። ሽማግሌው ሥር ወቅጠው አጠጡት፤ አስጠነቀቋትም። "ሥሩ ባዶ ሆድ ነው የሚፈልገው፤ እህል አታቅምሺው። መርፌም እንዳይደርስበት! ይህን የጠጣ ሰው መርፌ ከነካው አለቀ።" የሺመቤት አመነች። ለምን አታምን? ወንድሟ ቀይ አፈር ከተማ ውስጥ መርፌ ተወግቶ ነው የሞተው፤ እሱም ሥር ጠጥቶ ነበር።

ታዲያ ይህንን ለሐኪሙ አትነግረውም? እንዳትነግረው መሲ እዚያው ቆማለች። መሲ የመዘምራኑ መሪ ናት። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች "አዋቂ ቤት የሄደ ከአገልግሎት ይታገዳል" ያሉ እሁድ፣ ከሁሉ በላይ አሜን ያለች እሷ ነበረች። የሺመቤትም ከኋላ ሆና አሜን ብላለች።

"የባህል መድኃኒት ወስዷል?" ዶክተሩ ጠየቀ።

የሺመቤት መሲን አየች። "አልወሰደም።"

"ታዲያ ለምንድን ነው የምትከለክይው? ሰውየው እየሞተ ነው እኮ! ጥበቃ ጥሩልኝ!"

የሺመቤት ግን ንቅንቅ አላለችም። አንጁሎ ከጀርባዋ ተንፈራገጠ፤ አልጋው ተንቋቋ።

ዶክተሩ ወደ በሩ ሄደ፤ ከበሩ ተመለሰ። ወንበር ሳበና ከእሷ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። 

"እናቴ፣ ስለጮህኩብሽ ይቅርታ። ፈርቼ ነው። እንደዚህ ሆኖ የመጣ ሰው በቅርቡ እጄ ላይ ሞቶብኛል። ምን እንደገደለው እስከ ዛሬ አላውቅም። አንቺም ካልነገርሽኝ በግምት ነው የማክመው፤ ስገምት ደግሞ ልሳሳት እችላለሁ።"

የሺመቤት ሐኪም አላውቅም ሲል ሰምታ አታውቅም። መጀመሪያ የባሰ ፈራች፤ አላውቅም ለሚል ሰው ባሏን እንዴት ትስጥ? ቀጥሎ ደግሞ የሰውየውን ፊት አየች፤ እሱም እንደ እሷ ፈርቷል። አንጁሎ አቃሰተ።

"ሥር ጠጣ" አለች። "እኔ ወሰድኩ። እህል ከለከሉ። መርፌ ከነካው ይሞታል አሉ።"

"የሺ!" መሲ ጮኸች። "አንቺ? ከእኛ ጋር አሜን ስትይ አልነበረም?"

"ነበርኩ።"

"አያሳፍርሽም?"

"ያሳፍረኛል።"

"ሲስተር፣ እሱ ይቆየን" አለ ዶክተሩ። "እናቴ፣ እህል ከቀመሰ ስንት ቀኑ ነው?"

"ከማክሰኞ ገበያ ወዲህ የለም።"

ዶክተሩ ግንባሩን ያዘ። "ጉበቱ የታመመ ሰው እህል ሲያጣ ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ያልቅበታል። ይህን በጣቱ ደም ካየሁ፣ በመርፌ ስኳር ልሰጠው ነው።"

"አይሞትም?"

"እሱን አልምልልሽም። መርፌው ግን አይገድለውም። ይህንን አውቃለሁ።"

 ያላወቀውን አላውቅም ስላለ፣ አውቃለሁ ያለውን አመነችው። ከአልጋው ፈቀቅ አለች።

መሲ ፊቷ እንደተቋጠረ የአንጁሎን ጣት ወጋችና ዶክተሩን "ስኳሩ በጣም ወርዷል" አለችው። እሷው ደም ሥሩን ፈልጋ አገኘች። መድኃኒቱ ሲገባ የሺመቤት የወንድሟ ፊት መጣባት። ምን አደረግሁ አለች በልቧ። ራሴው አስገደልኩት። የአንጁሎ ደረት ከፍ ሲል ትተነፍሳለች፤ ዝቅ ሲል ትንፋሿን ትይዛለች።

የዓይኑ ቆብ ተንቀሳቀሰ።

"ውሃ" አለ። ቀጥሎ ክንዱን አየ። "ምንድን ነው ይሄ? መርፌ! ሥሩን ጠጥቼ? ሴትዮ፣ ልትጨርሺኝ ነው እንዴ! ማን ነው የፈቀደው?"

"እኔ።"

"አንቺ? በየትኛው አፍሽ?"

"በዚሁ። ዝም ብለህ ተኛ።"

ዶክተሩ ሊስቅ ከጀለው፤ ግን ተወው። "ገና ነው" አለ። "ስኳሩ ተመለሰ እንጂ ጉበቱ አልዳነም። እዚሁ ይተኛል፤ ወደፊቱን አብረን እናያለን።"

መሲ ዕቃዋን ሰብስባ በሩ ላይ ቆመች። ድምፅዋ ዝግ ብሏል። "የሺ፣ ሽማግሌዎቹ መስማታቸው አይቀርም።"

"እኔው እነግራቸዋለሁ። ቢያግዱኝም ያግዱኝ።" ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞረች፤ አማርኛዋ እየተሰባበረ ቢሆንም አላቆመችም። "ዶክተር፣ አሁን ምን ላብላው? ያ ሥር ከሆዱ እንዴት ይወጣል? ሌላ ሰው ዓይኑ ቢጫ ሲሆንስ ምን ልበለው?"

ዶክተሩ ወንበሩን እንደገና ሳበና ተቀመጠ።