ከመንገዱ የረዘመ ዝምታ

ተሻለች በባቡር ከተማዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው የስልክ ቤት ስትቀጠር የውጭ አገር ጥሪ ብርቅ ነበር። ኋላ ግን፣ በሰባዎቹ መጀመሪያ፣ ድምፅ በሳተላይት መመላለስ ሲጀምር፣ ነጋዴው፣ የመርከበኛ ሚስት፣ ልጅ የተሰደደበት ወላጅ ሁሉ እየመጣ ወረፋው ደጅ ያለውን የዛፍ ጥላ አልፎ ፀሐይ ላይ ወጣ። ከዓመት ዓመት ደዋዩ በዛ፤ ናፍቆቱም እንደዚያው።

መስመር ከማገናኘቷ በፊት ለሁሉም አንድ ምክር ነበራት። «ተናግራችሁ ስታበቁ ጠብቁ። ቃሉ ሰማይ ደርሶ ነው የሚመለስ። ዝም ቢላችሁ አትደንግጡ፤ መንገዱ ነው።»

«የኔን ቃል ግን ሳተላይትሽ ቀምሶ ነው የሚያሳልፈው፣ ወላሂ» ትላታለች ሆዳን፣ ባሏ ሂርሲ በመርከብ የሚዞርባት ጨርቅ ነጋዴ። «‹መቼ ትመጣለህ› ስለው ደግሞ ጭራሽ ይተኛል።»

«እሱማ ሂርሲ ነው። ሳተላይቱን አትሚው።»

ወረፋው ይስቃል።

የተሻለች ታናሽ ወንድም ሀብተ ማርያም፣ ጓደኞቹ በቀይ ሽብር ካለቁ በኋላ፣ በጭነት ባቡር ተሸሽጎ ጅቡቲ ገባ፤ ከዚያ መርከብ ወስዶ ባሕር ማዶ ማርሴይ ወደብ ጣለው። በየዓመቱ የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን ይደውላል። እናታቸው ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስም ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተው፣ የስልኩን እጀታ በሁለት እጃቸው ይዘው ያዳምጡታል።

አመሻሽ ላይ ግቢያቸው ተቀምጠው፣ አንዲት ኮከብ ቀስ እያለች ሰማዩን ስታቋርጥ ሲያዩ፣ «ይቺ ናት የልጄን ድምፅ የምታመጣው» ይሉና ያንጎራጉራሉ፦

ባቡርስ ይመጣል በሐዲድ ታስሮ፣
ልጄን በምን ልያዘው ድምፁ ሽቅብ በርሮ።

ተሻለች ከቴክኒሻኖቹ ሰምታለች። ዝቅ ብላ የምትሄደዋ ሌላ ናት፤ ድምፁን የምታመላልሰው እጅግ ርቃ ካንድ ቦታ የማትነቃነቀው ናት፣ ቃል የሚዘገየውም በርቀቷ ነው። ዝቅ ያሉቱ ድምፅ የሚሸከሙበት ቀን ቢመጣ ያ ሁሉ መጠበቅ ይቀር ነበር። ለእናቷ ግን አልነገረችም። ዓይናቸው የሚከተላት ኮከብ ትኑራቸው ብላ።

አንድ ዓመት፣ ኅዳር ሲያልቅ፣ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ በወባ ታመው ዐረፉ።

ከሠልስቱ በኋላ የተሻለች አጎት ገብረወልድ ተናገሩ። «ለሀብቴ መርዶ በሽቦ አይነገርም። በማለዳ፣ ሰው ከቦት፣ ክንዱን የሚይዝለት እያለ ነው። እዚያ የስልክ ሣጥን ውስጥ ብቻውን ቢወድቅ ማን ያነሣዋል?»

ለለቅሶ የመጣችው ሆዳን ቀና አለች። «ሂርሲ ከገና በኋላ ማርሴይ ይደርሳል። ያገር ልጅ ሰብስቦ እሱ ይንገረው፤ ይዞት ያልቅስ። እስከዚያ አንቺ ቻይው፣ አባዮ፣ እህቴ።»

ተሻለች፣ እናታቸውን ቢጠይቃት «ቁልቢ ሄዳለች» የምትለውን መልስ ለብቻዋ ስትለማመድ ሰነበተች።

የገብርኤል ሰሞን ጥሪው መጣ።

«እትዬ ተሹ፣ እንደምን አለሽ?»

«ደኅና፣ ሀብቴ። አንተስ?»

ጎረቤቱን አንድ ባንድ ጠየቀ። በየመካከሉ ያው የለመዱት ዝምታ ይመጣል፤ እሷም ሳትሳሳት መለሰች።

«እማማስ? አጠገብሽ ናት?»

አፏን ከፈተች። መንገዱ የሚወስደው ዝምታ አለፈ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የራሷ ነበር።

«ቁልቢ ሄዳለች» አለች በመጨረሻ።

ጠበቀች። እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ጠበቀች።

«መስመሩ ነው፣ እትዬ» አለ ድምፁ፣ ለስለስ ብሎ። «ዛሬ በጣም ዘገየ። አይዞሽ።»

እናቷ ቁልቢ የሄደችባት ሴት አይዞሽ አትባልም።

ከዚያ ከሀብቴ ቃል አልመጣም፤ የተሰባበረ ትንፋሽ ብቻ፣ እየዘገየ። ጊዜው ሲሞላ መስመሩን መንቀል የተሻለች ሥራ ነበር። ሞላ፤ አልነቀለችም። ክንዱን መያዝ ቢያቅታት መስመሩን ያዘችለት።

ወረፋው ማጉረምረም ሲጀምር ሆዳን ከፊት ተነሥታ ዞረች።

«ጠብቁ» አለች፣ በሶማሊኛም በኦሮምኛም ደግማ። «መንገዱ ነው።»