ጀሶው ላይ የጻፍኩት ቀን

ዐረብ አገር፣ አል-ዒዳቢ በሚባል ከተማ የምሠራበት ቤት ከአሠሪዬ ቅድመ አያት የተወረሰ የድንጋይ ግንብ ነው። እንግዳ ማሳረፊያ ሊያደርጉት አስበው የግንቡን ጉዳት የሚያጠና መሐንዲስ አስመጡ። የመጨረሻ ልጄን ቢያክል ነው። ባለ ሁለት መርፌ መሣሪያ ግድግዳውን እየወጋ እርጥበቱን ይለካል፤ ድንጋዩ ያወጣውን ነጭ ጨው እየፋቀ በብልቃጥ ይይዛል። ስንጥቅ ሲያገኝ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ጀሶ ይለጥፍና ቀኑን ይጽፍበታል። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ጀሶው ይሰበራል። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ብሆንም ይህን ለመረዳት ሁለት ጊዜ አልጠየቅኩም።

የእንግዳ መቀበያውን ሁሉ ለጠፈ። እኔ ወደምተኛበት የጓሮ ክፍል ግን ዝር አላለም። ጣት የሚያስገባው ስንጥቅ ያለው እዚያ ነው፣ ከአልጋዬ በላይ።

«ማዳም፣ የእኔስ ክፍል?»

«እንግዳ አያየውም፤ ተዪው።»

«እንግዳ ባያየውም እኔ ላይ ነው የሚወድቀው!»

«ኸላስ! በቃ!» አለችኝ።

ከተረፈው ጀሶ በጣሳ በጥብጬ ራሴ ለጠፍኩ። ሳይደርቅ በማንኪያ እጀታ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በቁጥር ጻፍኩበት። በሦስት ሳምንቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። መሐንዲሱን እጁን ጎትቼ አስገባሁት።

ቀኑን አነበበና ሳቀ። «ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ ይሄ እኮ የስምንት ዓመት ጀሶ ነው። በስምንት ዓመት ይቺን ታህል ከተንቀሳቀሰማ ከእኔም ከአንቺም በላይ ይቆያል።»

ማዳም ከበሩ ላይ፣ «ሰማሽ?» አለችኝ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እኔ ሌላ ዓመት መቼ አውቃለሁ? ባስረዳው ሳቁ ባሰበት።

«ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የሚኖር አገር አለ እንዴ?»

«የእናንተ ሂጅራስ ከፈረንጁ ስንት መቶ ዓመት ይጎድላል? እሱ ላይ ስቀህ ታውቃለህ? እዚህ ቤት ከገባሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ማን ለጠፈው፣ ጂን?»

ጀሶውን በጥፍሩ ጫር አደረገ።

«በል በራስህ እጅ ለጥፍ። የራስህን ቀን ጻፍበት።»

አፌን ለማስያዝ ብሎ ለጠፈ። በአሥራ አንደኛው ቀን የእሱም ተሰበረ። ያን ጊዜ ግድግዳውን በእንጨት አስደገፈ፤ ክፍሉ ውስጥ ሰው እንዳይተኛም አዘዘ። ፍራሼን ዕቃ ቤት፣ በሩዝ ጆንያዎች መሃል አነጠፍኩ።

ሊሄድ ሲል ቢላ አወጣና የእኔን ጀሶ መፋቅ ጀመረ።

«ምነው?»

«ሁለት ዓይነት ቀን ካለ ጥናቱን ያምታታል።»

«እንግዲያው የአንተን ፋቅ! ቀድሞ የተናገረው የእኔ ነው!»

እየሳቀ ፋቀው። ማዳም ፍርፋሪውን አየችና በአገጯ መጥረጊያውን አሳየችኝ።